አረንጓዴ ወይስ ጥቁር ሻይ? ለጀማሪ የመምረጫና የአፈላል መመሪያ

አረንጓዴ ሻይ አንድ ጊዜ ሞክሮ «ሣር ሣር ይላል» ብሎ የተወ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቀመሰው የተቀቀለ ቅጠል ነው። ማንቆርቆሪያው እየተንተከተከ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት፣ ቅጠሉ ሩብ ሰዓት እሳት ላይ ይቆያል። በዚህ አፈላል ጥቁሩ ሻይ ቢያንስ ይጠጣል፤ አረንጓዴው ግን አይተርፍም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ሁለቱንም እንደየጠባያቸው አፍልተው ጎን ለጎን መቅመስ አለብዎ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት እኩል ብርጭቆ፣ የሻይ ማንኪያ፣ የሾርባ ማንኪያ፣ ማጥለያና ሰዓት ያለው ስልክ ብቻ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ሁለቱም የሚለቀሙት ካሜሊያ ሲነንሲስ ከሚባለው ተክል ነው። የሚለያቸው ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ የሚደረገው ነገር ነው። የተላጠ ድንች አየር ሲያገኘው እንደሚጠቁር የሻይ ቅጠልም ሲታሽና ሲፈጭ ይጠቁራል፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ነው፣ በውስጡ ያለው ኢንዛይም ከኦክስጅን ጋር ይሠራል። ለጥቁር ሻይ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይታሻል ወይም ይፈጫል፣ አየር እስኪያጠቁረው ይጠበቃል፣ ከዚያ ይደርቃል። ለአረንጓዴው ግን ኢንዛይሙ ሥራ ሳይጀምር በሙቀት ይገደላል። ቻይናዎች በአብዛኛው በብረት ድስት ይቆሉታል፣ ጃፓኖች በእንፋሎት ይመቱታል። የቻይናው ወደ ተቆላ እህል፣ የጃፓኑ ወደ ጎመን ቅቅል ጠረን የሚያዘነብለው በዚህ ነው። ጀማሪ ከቻይናው ቢጀምር ይሻላል፤ ለአፍ የቀረበ ነው።

ሽፈራው፣ ከርከዴና ጦሲኝ በዚህ ምርጫ ውስጥ አይገቡም። ተፈልተው ይጠጣሉ፣ ጥሩም ናቸው፣ ግን የሻይ ተክል አይደሉም፤ ካፌይንም የላቸውም። የሽፈራው ዱቄት አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አረንጓዴ ሻይ አይሆንም።

1. ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ይመልሱ

*ወተት ይፈልጋሉ?* መልሱ አዎ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ፣ ጥቁር ነው። አረንጓዴ ሻይ ወተት ሲገባበት ስስ ሆኖ ይቀራል፣ ጣዕሙም ይጠፋል።

*ቅመምና ስኳርስ?* ቅርንፉድና ቀረፋ ጠንካራ ቅጠል ይፈልጋሉ፤ አረንጓዴውን ይውጡታል። ከአረንጓዴ ጋር የሚስማማው ናና፣ ስስ የዝንጅብል ቁራጭ፣ ወይም ቅጠሉ ከወጣ በኋላ ጠብ የሚደረግ ሎሚ ነው።

*በስንት ሰዓት ነው የሚጠጡት?* 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ኩባያ ጥቁር ሻይ 47 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው፣ አረንጓዴው 30 ገደማ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ቡና ደግሞ 95 ገደማ። እነዚህ አማካይ ናቸው፤ ቅጠል ካበዙ ወይም ካቆዩት አረንጓዴውም ጥቁሩን ያህላል። ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ማታ 4 ሰዓት የሚተኛ ሰው የመጨረሻውን ጥቁር ሻይ ከቀኑ 9 ሰዓት ባያሳልፈው ይመረጣል። አረንጓዴው እስከ 10 ተኩል ቢሄድ ያን ያህል አያስቸግርም። እንቅልፍዎ ቀላል ከሆነ ሁለቱንም ቀደም ያድርጉ።

*ጨጓራዎ እንዴት ነው?* በባዶ ሆድ የተጠጣ አረንጓዴ ሻይ ብዙ ሰው ያቅለሸልሻል። ጾም የሚጾም ሰው መጀመሪያ የሚቀምሰው አረንጓዴ ሻይ መሆን የለበትም፤ ጥቂት ነገር ቀምሶ ይጠጣው። ጥቁሩም ቢሆን ጠንክሮ ከተፈላ በባዶ ሆድ ያቃጥላል።

*ደም ማነስ አለብዎ? ነፍሰ ጡር ነዎት?* ሁለቱም ሻዮች ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሱታል። ከምሳ ጋር ወይም ምሳ እንዳለቀ ሻይ ማስከተል የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ብረት ለሚያንሰው ሰው ግን መጥፎ ልማድ ነው። ቢያንስ 1 ሰዓት ያቆዩት። ብረት የሚወስድ ሰውም እንክብሉን በሻይ አይዋጥ። ነፍሰ ጡር በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳታልፍ የሚመክሩ ብዙ ናቸው፤ ቡናውም ከዚሁ ይቆጠራል።

*መድኃኒት ይወስዳሉ?* ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ሻይ አብዝቶ መጠጣት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ናዶሎል የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት አረንጓዴ ሻይ አቅሙን እንደሚቀንሰው ይታወቃል።

*ለጤና ብለው ነው?* እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አረንጓዴው ካቴኪን የሚባሉት ውህዶች ይበዙበታል፤ በጥቁሩ ውስጥ እነዚሁ ተለውጠው ቀይ ቀለሙንና አፍ የሚይዘውን ጣዕም ይሰጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግን ስኳር በቀላሉ ይሽረዋል። በብርጭቆ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 4 ብርጭቆ፣ ማንኪያው 4 ግራም ሲታሰብ 48 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚያስቀምጠው ጣሪያ 50 ግራም ነው፤ ሻዩ ብቻውን ጨረሰው ማለት ይቻላል። አረንጓዴ ሻይ «ያከሳል» የሚባለው ወሬ ውስጥ ትልቁ እውነት ያለ ስኳር መጠጣቱ ነው። ጥቁሩንም ያለ ስኳር ከጠጡት ያው ነው። ተጨምቆ በእንክብል የሚሸጠው የአረንጓዴ ሻይ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ (ዋናው ካቴኪን) በእንክብል መልክ መውሰድ ጉበት ላይ ጉዳት ከሚያሳዩ ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። ብርጭቆ ውስጥ ያለው ሻይ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አያደርስም።

2. ትንሽ ይግዙ፣ ሲከፍቱ ያሽትቱ

ለሙከራ ከእያንዳንዱ 50 ግራም ወይም ትንሿ የቲባግ ፓኬት ይበቃል። ኪሎ አይግዙ።

ከካፋ ውሽውሽና ከኢሉባቦር ጉማሮ የሚመጣው የአገራችን ጥቁር ሻይ በብዛት ተፈጭቶ በትናንሽ ጠጠር መልክ የሚሠራው፣ ነጋዴው ሲቲሲ የሚለው ዓይነት ነው። ቶሎ ቀለም ይለቃል፣ ወተትና ቅመም ይችላል፣ ለጀማሪም ሌላ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ጠጠሩ እኩል፣ ቡናማ-ጥቁርና ደረቅ ይሁን። በጣቶችዎ ቢያሹት አቧራው ከበዛ ሻዩ ደፍራሳና መራራ ይወጣል።

አረንጓዴው ሱፐርማርኬት ላይ በአብዛኛው በቲባግ የታሸገ ነው። ቲባግ ውስጥ የሚገባው ደቃቁ ስለሆነ ቶሎ ይመራል፤ ከተቻለ ልቅ ቅጠል ይፈልጉ። በዱባይ፣ በፓሪስ ወይም በእስራኤል ያላችሁ በቀላሉ የምታገኙት ጋንፓውደር የሚባለውን፣ እንደ ጥይት ባሩድ ፍሬ የተድቦለቦለውን የቻይና ሻይ ነው። ሞሮኮዎች ናና የሚያፈሉበት እሱ ነው። ርካሽና ጠንካራ ነው፤ በመጠን ግን ያታልላል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ሲቲሲ 2 ግራም ገደማ ሲመዝን ያው ማንኪያ ጋንፓውደር ወደ 3 ግራም ይደርሳል፤ ሰፋፊ ልቅ ቅጠል ደግሞ 1 ግራም ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ጋንፓውደር ከማንኪያው ሁለት ሦስተኛ፣ ሰፊ ቅጠል ሁለት ማንኪያ ሙሉ።

ሽታው ይፈርድልዎታል። ጥሩ አረንጓዴ ሻይ ፓኬቱ ሲከፈት ትኩስ ድርቆሽ ወይም የተቆላ እህል ይሸታል። ቡናማ ከሆነና ካርቶን ካርቶን ካለ አርጅቷል፤ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ አይድንም። አረንጓዴው ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው፣ ጥቁሩ በደንብ ከተከደነ ከዓመት በላይ ይቆያል።

ሁለቱንም በቆርቆሮ ወይም ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ ከድነው ከቅመም መደርደሪያው ያርቁ። የሻይ ቅጠል ጠረን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ከበርበሬና ከኮረሪማ አጠገብ አንድ ሳምንት ያደረ አረንጓዴ ሻይ ወጥ ወጥ ይላል።

3. ውሃውን ይወቁት

አብዛኛው መመሪያ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የውጭ ፓኬቶች «ውሃው ሲፈላ 100 ዲግሪ ነው» ብለው ይነሳሉ። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 ገደማ ይደርሳል። ቡቅ ቡቅ ማለቱ ያው ቢሆንም ሙቀቱ ያው አይደለም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጥቁር ሻይ 90 እና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ አዲስ አበባ ላይ የሚያባክኑት ዲግሪ የለም። ውሃው ከእሳት እንደወረደ፣ አንድ ደቂቃ ሳይቆይ መገልበጥ አለበት፤ ብርጭቆውም አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይለቅለቅ። ቲባግ ጠረጴዛ ላይ በቆየ የፔርሙዝ ውሃ ሲነከር የሚወጣው ገርጣጣ ሻይ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቅጠሉን መውቀስ አይገባም። ሁለተኛ፣ አረንጓዴው ከ75 እስከ 82 ዲግሪ ስለሚፈልግ የደጋ ሰው ወደዚያ ለመውረድ ትንሽ ይበቃዋል።

ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ለ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ፦

አዲስ አበባና መሰል ደጋ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሉ ላይ ቀድመው ያፍሱ፣ ከዚያ የፈላውን ይሙሉ። 81 ዲግሪ አካባቢ ይገባል፣ ብርጭቆውም ጥቂት ይወስድለታል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ሆናችሁ ውሃው በ100 የሚፈላ ከሆነ ቀዝቃዛውን 3 ማንኪያ አድርጉት። ቀዝቃዛው ቀድሞ መግባቱ ለይስሙላ አይደለም፦ የፈላው ውሃ መጀመሪያ የሚያገኘውን ቅጠል ያቃጥላል፣ ምሬቱም ወዲያው ይወጣል።

በዚሁ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ለጥቁር ሻይ የለመዱት ደቂቃ ቆላ ወይም ውጭ አገር ሲሄዱ ይበዛል። ግማሽ ደቂቃ ይቀንሱ።

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ካለዎት ጥቁር ሻይ ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ሽፋን ይንሳፈፋል። ቆሻሻ አይደለም፤ ካልሲየሙ ከሻዩ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ውሃውን ማጣራት ወይም ሎሚ ጠብ ማድረግ ያጠፋዋል።

4. ጎን ለጎን ሙከራ

በመጀመሪያ ብርጭቆዎን ይለኩ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ተኩል ብርጭቆ ከሞላ ብርጭቆዎ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ሦስት ከሞላ 165 ገደማ ነው፣ ቅጠሉንም ትንሽ ይቀንሱ።

1. ግማሽ ሊትር አዲስ ውሃ ያፍሉ። ደጋግሞ የፈላ የትናንት ውሃ አይሁን።

2. ጥቁሩን በለቀለቁት ትኩስ ብርጭቆ ይጀምሩ፦ 2 ግራም (አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ሲቲሲ ወይም 1 ቲባግ)፣ ከእሳት የወረደ ውሃ፣ በሳህን ይክደኑ። 3 ደቂቃ። ያልተፈጨ ሙሉ ቅጠል ከሆነ 4 እስከ 5።

3. ወዲያው አረንጓዴውን ያዘጋጁ፦ 2 ግራም ቅጠል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ የፈላው። ሳይከደን 2 ደቂቃ ይዘፍዘፍ። ለቲባግ 1 ደቂቃ ተኩል ይበቃል።

4. ሰዓቱ ሲደርስ ያጥልሉ። ቲባጉን በማንኪያ አይጭመቁት፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ውስጥ ያለው ምሬት ነው።

5. እስኪበርድ ይጠብቁ። ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ በጣም ትኩስ መጠጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጡ ከሚችሉ ነገሮች ተርታ ተመድቧል። ከዚያ ሌላ፣ ምላስ ከተቃጠለ ልዩነት አይለይም።

6. ያለ ስኳር ሦስት ፉት ከአረንጓዴው፣ ውሃ ተጉመጥምጠው ሦስት ፉት ከጥቁሩ። የመጀመሪያውን ስሜት አይመኑ። ከዋጡ በኋላ አንድ ደቂቃ ይጠብቁና አፍዎ ውስጥ ምን እንደቀረ ያስተውሉ። ጥሩ አረንጓዴ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ጣፋጭነት ይተዋል፣ ጥሩ ጥቁር ደግሞ ምላስን ሰብሰብ አድርጎ ይለቃል። የሚያደርቅና የማይለቅ ከሆነ ቆይቷል ወይም በዝቷል።

7. አሁን ጥቁሩ ላይ ብቻ 1 ማንኪያ ስኳር ይጨምሩና እንደገና ይቅመሱ። ከስኳር በኋላ ብቻ የወደዱት ከሆነ ያንን ይያዙት፤ ከላይ የቆጠርነው ሒሳብ ይመለከትዎታል።

ይህን በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይድገሙት፣ በየቀኑም አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። በሁለተኛው ቀን የአረንጓዴውን ጊዜ በ30 ሰከንድ ያሳንሱ፣ በሦስተኛው ጊዜውን መልሰው ቅጠሉን ይቀንሱ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንዳሻሻለው አይታወቅም።

ሙያተኛ ሻይ ቀማሾች በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 3103 መለኪያ ሲሠሩ በ100 ሚሊ ሊትር 2 ግራም አድርገው 6 ደቂቃ ያቆያሉ። ይህ ከኛ እጥፍ ነው፤ የሚሠሩት እንከን ለማግኘት ነው፣ ለመጠጣት አይደለም። ፓኬት ላይ እንዲህ ያለ ልክ ካዩ አይከተሉት።

5. ሲበላሽ ምክንያቱ

አረንጓዴው መራራ ነው፦ ውሃው ሞቆበታል። ደቂቃ ከመቀነስዎ በፊት ሙቀቱን ይቀንሱ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ይጨምሩ።

ሣር ወይም ጎመን ይላል፦ የጃፓን ሻይ ከሆነ ጠባዩ ነው፣ የቻይና ቆሎ ጠረን ያለውን ይሞክሩ። የቻይና ሆኖም እንዲህ ካለ ቅጠሉ በዝቷል።

አረንጓዴው ብርጭቆ ውስጥ ቡናማ ሆነ፦ ቆይቷል ወይም አርጅቷል። በትክክል የወጣ አረንጓዴ ሻይ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ-አረንጓዴ ነው፤ «ቀለም አላወጣም» ብለው ቅጠል መጨመር የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው።

ወተት ሲገባ ግራጫ ሆነ፦ ሻዩ ቀጭን ነው። ለሻይ በወተት ቅጠሉን በግማሽ ይጨምሩ እንጂ ደቂቃውን አያስረዝሙ። ሎሚ ያለበት ሻይ ላይ ወተት ከጨመሩ ደግሞ ይቆራረጣል።

ጥቁሩ ሲቀዘቅዝ ደፈረሰ፦ ጠንካራ ሻይ ላይ የሚሆን ነው፣ ሲሞቅ ይጠራል። ሎሚ ሲገባበት የሚነጣውም ጉድለት የለበትም፣ ቀለሙ ከአሲድ ጋር ይለወጣል።

ፔርሙዝ ውስጥ መረረ፦ ቅጠሉ አብሮ ገብቷል። አጥልለው ይሙሉት።

የቅመም ሻይ ለሚመርጡ

ከሙከራው በኋላ ጥቁሩ ጋ ከቀሩ፣ የቅመሙን ሻይ ምሬት የሚያመጣው ቅጠሉን ከቅመሙ ጋር መቀቀል መሆኑን ይያዙ። ቀረፋ ጠረኑን ለመልቀቅ እሳትና ጊዜ ይፈልጋል፣ ቅጠሉ ግን 3 ደቂቃ ብቻ። ለ1 ሊትር ውሃ የጣት ርዝመት ያለው አንድ ቀረፋ፣ 4 ቅርንፉድና 4 የተፈነከተ ሄል ብቻቸውን ለ10 ደቂቃ ያንተክትኩ። እሳቱን ያጥፉ፣ 5 ልሙጥ ማንኪያ ቅጠል ይጨምሩ፣ ከድነው 3 ደቂቃ፣ ማጥለል። በዚህ መንገድ የተፈላ ሻይ ከለመዱት ስኳር ግማሹን እንኳ ላይፈልግ ይችላል።

አረንጓዴውን ከመረጡ ደግሞ ያጠለሉትን ልቅ ቅጠል አይጣሉት። እርጥብ ሳለ፣ በዚያው ሰዓት ውስጥ፣ ይህን ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይጨምሩ የደጋውን ፈላ ውሃ አንድ ደቂቃ አብርደው ይገልብጡበትና 3 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ጋንፓውደር ከሆነ ድቡልቡሉ ገና የሚፈታው በዚህ ሁለተኛው ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ብርጭቆ ይልቅ ሁለተኛውን ይወደዋል።